ከጓሮ እስከ ጎተራ



በአራዳና በፒያሳ ነባር ግቢዎች ክረምት ሲገባ በጓሮ ጎመን መትከል የቆየ ልማድ ነው። የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠስን ጫፉን ብንተውለት ጎመኑ ደጋግሞ ይመግበናል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የዓመቱ በርበሬ በሰሌን ላይ ይዘረጋል፤ በሚገባ ሳይደርቅ ቢከተት ሻጋታ ያበላሸዋልና።

ማከማቸት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብፅ ምርት አንድ አምስተኛው እንዲከማች መከረ፤ በረኀቡም ዘመን ብዙዎች ዳኑ (ዘፍ. 41፥34-57)። በሉቃስ ወንጌል የተነገረለት ባለጸጋም ጎተራውን ሊያሰፋ አሰበ፤ ነገር ግን ለራሱ ብቻ በማሰቡ ሰነፍ ተባለ (ሉቃ. 12፥16-21)። ልዩነቱ በጎተራው ስፋት ሳይሆን ጎተራው ለማን ይከፈታል በሚለው ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤተሰቦች ከነባር ሰፈራቸው ተነሥተው በየአቅጣጫው ሰፍረዋል። ጓሮው ቢቀር በአሮጌ ባልዲ ጎመን ማብቀል ይቻላል። ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በአጥር ላይ ለጎረቤት የምናቀብለው እፍኝ አብሮ እንዳይቀር ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከልጆቻችን ጋር ሆነን ራሳችንን እንጠይቅ፦ በቤታችን ከተከማቸው ውስጥ የአዲሱ ጎረቤታችን ድርሻ የትኛው ነው?