ሁለት ትዳር፣ አንድ ቀብር

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ አያቴ፣ በቤታችን አጠራር አኮ፣ መቱ ውስጥ ወደ አኺራ ሄዱ። አኮ በሕይወታቸው ሁለት ኒካህ አስረዋል። የመጀመሪያው ባለቤታቸው በደሌ አካባቢ ሞተው እዚያው ተቀበሩ። ከዓመታት በኋላ መቱ ያገቧቸው አያቴም ቀድመዋቸው ሄደው እዚሁ ተቀብረዋል። ጀናዛው ቤት ውስጥ ተኝቶ ሳለ የሁለቱ ወገን ልጆች ክርክር ጀመሩ። ያም "ከአባታችን ጎን" ይላል፤ ይህም "ከአባታችን ጎን" ይላል። ከዙሁር የተጀመረው ክርክር መግሪብ ደረሰ፤ ጀናዛው አደረ። በማግሥቱ እዚሁ መቱ ቀበርናቸው። ነገሩ ግን አላበቃም። ከአርባ ቀን በኋላ አንደኛው ወገን "የእገሌ ባለቤት" የሚል እብነ በረድ ላስቀርጽ አለ፤ ሌላኛው ተቆጣ። በዚያ ዓመት ዒድ ላይ አጎቶቼ ተራርቀው ሰገዱ።

እኔም ልጅ ሳለሁ ያቀሩኝ ኡስታዝ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። ከእሳቸው የሰማሁትንና ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ ቦታውን የሚወስነው ማን ነው?

ሚስት ከባሏ ጎን ትቀበር የሚል ግዴታ በሸሪዓ የለም። ምርጡን ምሳሌ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እናገኛለን። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) መካ ውስጥ አል-ሐጁን ተቀበሩ፤ እሳቸውም ከነብዩ በፊት ያገቡ ነበሩ። እናታችን መይሙና ሰሪፍ፣ ሌሎቹ መዲና በቂዕ ናቸው። ከነብዩ ጎን የተቀበረች አንዲትም ባለቤት የለችም።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ዕድሉ ነበራቸው። ነብዩም አባታቸው አቡበክርም የተቀበሩት በገዛ ክፍላቸው ነው። በ23 ዓመተ ሂጅራ ዑመር (ረ.ዐ) ተወግተው ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸውን ልከው ያንን ቦታ ለመኑ። ዓኢሻ ለራሳቸው ይመኙት እንደነበር ተናግረው ለዑመር ለቀቁላቸው። እሳቸው ሲሞቱ ከሌሎቹ የነብዩ ባለቤቶች ጋር በበቂዕ እንዲቀበሩ ተናዘዙ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ ከዚያ ቦታ የሚበልጥ የቀብር ቦታ የት አለ? እሳቸው ግን ለሌላ ሰጡት።

ሰው በሞተበት አገር በሙስሊሞች መቃብር መቀበሩ ሱና ነው። የኡሑድ ሸሂዶች ወደ መዲና ሊወሰዱ ሲሉ ወደ ወደቁበት እንዲመለሱ ታዘዋል። ጀናዛን ማፋጠንም ነብዩ ያዘዙት ነው። ከአገር ወደ አገር ማጓጓዝን ብዙ ፉቀሃዎች ይጠሉታል፤ የሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ይበልጥ ያጠብቃል። ከመቱ በደሌ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በነሐሴ ዝናብ። ስለዚህ ጥያቄያችን "ከየትኛው ባል ጎን?" ሳይሆን "የት ሞቱ? ቅርብ ያለው የሙስሊሞች መቃብር የቱ ነው?" መሆን ነበረበት። ዘመድን አቀራርቦ መቅበር ከተመቸ መልካም ነው፤ ለእሱ ሲባል ግን ጀናዛ አይዘገይም፣ የቆየ ቀብርም አይከፈትም።

ሁለተኛ፦ ድንጋዩና ጽሑፉ

ዑስማን ኢብን መዝዑን (ረ.ዐ) ወደ አገራችን ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ ናቸው። ሲቀበሩ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በራስጌያቸው ድንጋይ አኖሩ። ምክንያቱንም ገለጹ፤ የወንድማቸውን ቀብር እንዲያውቁበትና ከቤተሰባቸው የሚሞተውን በአጠገቡ እንዲቀብሩ ነው። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ድንጋይ ለምልክት ይፈቀዳል ማለት ነው። በሌላ በኩል ጃቢር ባስተላለፉት፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ቀብርን በኖራ መለሰንና በላዩ መገንባት ተከልክሏል፤ በቲርሚዚ ዘገባ መጻፍም ተጨምሯል። ሻፊዒዮች መጻፍን ይጠላሉ፤ ከሐነፊዮች መካከል ቀብሩ እንዳይጠፋ ሲያስፈልግ የፈቀዱ አሉ።

"የእኛ አገር ዝናብ አፈሩን ስለሚያጥበው ሲሚንቶ ግድ ነው" የሚል አይጠፋም። እንደ ምህንድስና ተማሪ ልመልስ። ቀብር ላይ የተመለሰ አፈር ልል ስለሆነ በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ሲጠግብ መስመጡ አይቀርም፤ በላዩ የፈሰሰ ኮንክሪትም አብሮ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከላይ በኩል ትንሽ የውሃ ቦይ መቅደድ፣ የጎደለውን አፈር መሙላት፣ ያልተጠረበ ድንጋይ ሲሶውን ቀብሮ በራስጌ ማቆም። ለእብነ በረዱ የታሰበው ገንዘብ ለሟች በሶደቃ ቢሰጥ ይበልጣል።

ስም መጻፍን በሚፈቅዱት አካሄድ ቢሄድ እንኳ የባል ስም ለምን? በኢስላም ሴት ስታገባ የአባቷ ስም አይለወጥም፤ በኢትዮጵያም ልማዳችን ይኸው ነው። የሰው ስምና የአባት ስም ይበቃል፤ ጠቡም እዚያው ይቀራል።

ሦስተኛ፦ የአስማእ ፍርድ

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባለቤታቸው ከጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ጋር ሐበሻ ተሰደው እዚሁ ልጆች ወለዱ። ጀዕፈር በ8 ዓመተ ሂጅራ ሙእታ ላይ ሸሂድ ሆኑ፤ ቀብራቸው ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ነው። አስማእ ከዚያ አቡበክርን አገቡ፤ በ13 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱም በኑዛዜያቸው መሠረት አጠቧቸው። በኋላ ዐሊን አገቡ፤ እሳቸውም በ40 ዓመተ ሂጅራ ኩፋ ተገደሉ። ሦስት ባል፣ ሦስት አገር። ታሪክ ግን የሚጠራቸው በአባታቸው ስም ነው፤ አስማእ ቢንት ዑመይስ።

ኢብን ሰዕድ እንደዘገቡት የጀዕፈርና የአቡበክር ልጆቻቸው "የእኔ አባት ይበልጣል" ተባብለው ተፎካከሩ። ዐሊም እናትየው እንዲፈርዱ ጠየቁ። አስማእ ከወጣቶች እንደ ጀዕፈር፣ ከጎልማሶች እንደ አቡበክር ያለ አላየሁም አሉ። ዐሊም ለእኛ ምንም አላስቀረሽልንም ብለው ቀለዱ። ሁለቱንም አባቶች አከበሩ፤ ሦስተኛው ባልም አልተቀየመም። ይህን ሳነብ አጎቶቼ ትዝ አሉኝ።

በአኺራ የማን ሚስት ትሆናለች ለሚለው፣ የአቡ ደርዳእ ባለቤት ኡሙ ደርዳእ ሴት ለመጨረሻ ባሏ ናት የሚለውን ሐዲስ ይዘው የሙዓዊያን የጋብቻ ጥያቄ እንዳልተቀበሉ ተዘግቧል። ሌላ አስተያየት ያላቸው ዑለሞችም አሉ። ሆኖም ያ የአላህ ጉዳይ ነው፤ በቀብር ጉርብትና አይወሰንም።

ምን እናድርግ?

ቤታችን ውስጥ ሁለት ጊዜ ያገቡ አባት፣ እናት ወይም አያት ካሉ፣ ጤነኛ ሳሉ በአክብሮት እንጠይቃቸው። "ስትሞቱ የት?" ማለት ሊከብድ ይችላል፤ "ለእኛ ምን ትናዘዙልናላችሁ?" ማለት ግን ይቻላል። ምላሻቸውን የሁለቱም ወገን ልጆች ባሉበት እናስነግር። አኮ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ባልመሸ ነበር። አልጠየቅናቸውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ዛሬ በአኮ ቀብር ራስጌ ጽሑፍ የሌለው ድንጋይ ቆሟል። የበደሌው አጎቴ ገና ቤታችን አልመጡም፤ በስልክ ግን ሰላምታ ጀምረናል። ዱዓ አድርጉልን።

ለሀለቃ ውይይት፦
1. በአካባቢያችሁ ጀናዛ የሚዘገየው በምን ምክንያት ነው? የትኛው ምክንያት በሸሪዓ ይደገፋል?
2. ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቦታቸውን ለዑመር መልቀቃቸው ለቤተሰብ ጠብ ምን ያስተምረናል?
3. የዕድራችሁ መቃብር ላይ ለምልክት የሚበቃው ምንድን ነው? ከዚያ ያለፈውስ?

አላህ ሟቾቻችንን ይማር፣ ቤተሰቦቻችንን ያስማማ። ወሏሁ አዕለም።