ከምጣዱ ወደ ቆጣሪው፦ በአየር ጤና አዲስ መኖሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር ዕቅድ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ የሚሠራ የግል መኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። ከፊት ዋናው ቤት ይቆማል፤ ከጓሮ ማድ ቤቱንና የሚከራዩ ክፍሎችን የያዘው ሰርቪስ ይሠራል። ቆጣሪው በመንገዱ በኩል ሲተከል፣ ከባዱ የኤሌክትሪክ ጭነት፣ ማለትም የእንጀራ ምጣዱ፣ ከቆጣሪው በራቀው የግቢው ጥግ ይቀመጣል። የመስመር ዕቅድ ከዚህ ርቀት መነሣት ሲገባው በተግባር ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከሳሎኑ መብራት ነው። ይህ ጽሑፍ ዕቅዱ ከምጣዱ መጀመር የሚኖርበትን ምክንያት በስሌት ያሳያል።

የቤት ምጣድ እንደ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ኃይል ይስባል። ለስሌት 3.5 ኪሎዋት ቢወሰድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ፍሰት ይፈልጋል። ከቆጣሪው 30 ሜትር ለሚርቅ ማድ ቤት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተዘረጋ እንበል። ፍሰቱ ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ ለስሌቱ የሚያዘው ርዝመት 60 ሜትር ነው፤ ሽቦው ለፍሰቱ የሚያሳየው ተቃውሞም 0.42 ኦም ይሆናል። አንድ ምጣድ ብቻ ሲሠራ በመስመሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ 6.5 ያህል ወይም 3 በመቶ ነው፤ ይህ ብዙ አያሳስብም። ተከራይዋም በዚያው መስመር ሌላ ምጣድ ስትሰካ ግን ፍሰቱ ወደ 30 አምፔር ያድጋል፤ የሚቀረው ቮልቴጅ ደግሞ ከ12 ያልፋል። የምጣድ ኃይል የቮልቴጁን ካሬ ስለሚከተል እያንዳንዱ ምጣድ የሚያገኘው ኃይል በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጋጋሪዋ ይህን የምታውቀው በቁጥር ሳይሆን በእንጀራው ነው፦ ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ ዐይኑም እንደሚገባ አይወጣም። ጥፋቱ ግን በሊጡ ይሳበባል።

ከእንጀራው ይልቅ የሚያሰጋው በግድግዳው ውስጥ የሚሆነው ነው። ከምጣዶቹ የጎደለው ኃይል ከፊሉ በሽቦው ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በአንድ ምጣድ 100 ዋት ያህል የነበረው የመስመሩ ሙቀት በሁለት ምጣድ ወደ 380 ዋት ይደርሳል፤ ፍሰቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ ሙቀቱ አራት እጥፍ ሊሆን ይቃረባል ማለት ነው። በልስን በተሸፈነ ቱቦ ውስጥ የታሰረ ሙቀት የሽቦውን ፕላስቲክ ሽፋን እያደረቀ ይሰነጣጥቀዋል። በዚህ ጊዜ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ደጋግሞ ይወርዳል፤ መውረዱም ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። የተለመደው መፍትሔ ግን ብሬከሩን በባለ 32 አምፔር መተካት ነው። ከዚህ የከፋ ጥገና የለም። የብሬከር መጠን የሚወሰነው ሽቦው ያለ ጉዳት ሊሸከም በሚችለው ፍሰት እንጂ ተጠቃሚው በሚፈልገው ፍሰት አይደለም።

የተሻለው አማራጭ ለእያንዳንዱ ምጣድ ከማከፋፈያ ቦርዱ የሚነሣ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመርና የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር መስጠት ነው። በተመሳሳይ ርቀት የሚቀረው ቮልቴጅ ወደ 4 ይወርዳል፤ የአንዱ ብልሽትም ሌላውን አያቋርጥም። ከቆጣሪው እስከ ቦርዱ ያለው ዋና መስመር ግን የሁሉንም ድምር መሸከም አለበት። ጭነቶች በአንድ ጊዜ አይበሩም በሚል ግምት ድምሩን መቀነስ የተለመደ የዕቅድ ስልት ቢሆንም ለምጣድ አይሠራም፤ በፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ይጋግራል።

ይህ ሁሉ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት መወሰን ይኖርበታል። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከተው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10 በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሚጠራው ልስን ካለቀ በኋላ ከሆነ ሰነዱ መኖሩ ብቻ ብዙ አይፈይድም። ያኔ የሚቀረው ብሎኬቱን መቦርቦርና ሽቦውን ያለ ቱቦ በልስን መቅበር ነው፤ እንዲህ የተቀበረ ሽቦ ግድግዳው ካልፈረሰ አይለወጥም። በአንጻሩ ሰፋ ያለ ቱቦ አስቀድሞ መቅበር ኋላ ወፍራም ሽቦ ለመሳብ ያስችላል።

የመሬት መስመሩም እስከ ሰርቪሱ መድረስ አለበት። በሸክላው ውስጥ የተጋደመው የምጣድ ሽቦ ሙቀት ስለሚያመነጭ ብቻ ሳይሆን፣ ጋጋሪዋ በሊጥ በረጠበ እጅ፣ አንዳንዴም በእርጥብ ወለል ላይ ቆማ ስለምትሠራ ማድ ቤት ከቤቱ ሁሉ አደገኛው ስፍራ ነው። 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚያቋርጥ ብሬከር ለማድ ቤቱ ለብቻው ሊገጠም ይገባል። ለመላው ቤት አንድ ብቻ ከተገጠመ፣ እርጥበት የጠጣ ሸክላ ባወረደው ቁጥር መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፤ የተሰላቸ ባለቤትም ያስነቅለዋል። የመሬት ዘንጉ ተቃውሞ አፈሩ በደረቀበት በበጋ ይለካ፤ በክረምት የሚገኘው ውጤት ያታልላል። የመሬት መስመሩ አለመቋረጡ ደግሞ ዘንጉ በተተከለበት ስፍራ ሳይሆን ምጣዱ በሚሰካበት ሶኬት ላይ ይረጋገጣል።