ስለ አንገት አጥንቶችና ስለ መጋጠሚያዎቻቸው

በአገራችን አነጋገር አንገት የክብር ምልክት ነው። ያፈረው ሰው አንገቱን ደፋ ይባላል፤ ምክር የማይሰማውን አንገተ ደንዳና እንለዋለን፤ ማተብም የሚታሰረው በአንገት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ዘወትር በአፋችን የምናነሣው ይህ አካል ውስጡ እንዴት እንደ ተሠራ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በትምህርት ያገኘሁትንና በእጄ ይዤ የተመለከትሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

የሰው አንገት 7 አጥንቶች አሉት። እነዚህም በላይ ከራስ ቅል፥ በታች ከደረት አከርካሪ ጋራ ተያይዘው እንደ ተደራረቡ ቀለበቶች ይቆማሉ። የሚያስደንቀው ግን ቀጭኔም ያን ሁሉ ረዥም አንገት ይዛ አጥንቶቿ 7 ብቻ መሆናቸው ነው፤ ልዩነቱ በእያንዳንዱ አጥንት ርዝመት ነው። ከጥቂቶች በቀር አጥቢ እንስሳት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። እኔም ለፋሲካ ከታረደው በግ የአንገቱን አጥንት ከእናቴ ለምኜ፥ ቀቅዬና አጽድቼ ብቈጥር 7 ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያው አጥንት አትላስ ይባላል። በግሪኮች ተረት አትላስ ሰማይን የተሸከመ ኃያል ነበር፤ ይህም አጥንት ራስን ስለሚሸከም በስሙ ተጠራ። በላዩ ሁለት ጎድጓዳ ስፍራዎች አሉ፤ የራስ ቅል በእነርሱ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። «አዎን» ለማለት ራሳችንን የምንነቀንቀው ይልቁንም በዚህ መጋጠሚያ ነው።

ሁለተኛው አጥንት አክሲስ ይባላል። ከእርሱ ላይ ጥርስ የሚመስል ጉጥ ወደ ላይ ወጥቶ በአትላስ ቀለበት ውስጥ ይገባል። በችካል ላይ የገባ የገመድ ቀለበት እንደሚዞር፥ አትላስም ራስን ተሸክሞ በዚህ ጥርስ ዙሪያ ይዞራል። አንገት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ በዚህ በአንድ መጋጠሚያ የሚፈጸም ነው። ጥርሱም ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ሕብለ ሰረሰርን እንዳይጫን፥ ጠንካራ ጅማት ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግቶ እንደ መቀነት አጥብቆ ይይዘዋል።

ከአክሲስ ጀምሮ ወደ ታች በየሁለቱ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። ዙሪያው ከጠንካራ ጭረቶች የተሠራ ሲሆን መካከሉ ውኃ የበዛበት ዝልግልግ ነገር ነው፤ ስንራመድና ስንዘል የሚመጣውን ግፊት ያበርዳል።

አጥንቶቹን ሁሉ የሚያስተሳስረው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ነው። በእርሱም ውስጥ ሁለት ዓይነት ጭረቶች ይገኛሉ፤ አንደኛው ነጭ፥ ጠንካራና የማይለጠጥ ነው፤ ሁለተኛው ቢጫና እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነው። በበግ ወይም በበሬ ማጅራት የሚገኘውን፥ ቢቀቅሉት የማይለሰልሰውን ቢጫ ጅማት እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ላም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትግጥ ጡንቻዋ የማይዝለው ይህ ጅማት ራሷን ስለሚያግዝላት ነው። በሰው ማጅራት ያለው ግን ደካማ ስለሆነ ሥራው በጡንቻ ላይ ይወድቃል። የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናልና፥ በመጽሐፍ ላይ ለብዙ ሰዓት ስናቀረቅር ማጅራታችን የሚያመን ስለዚህ ነው። መጽሐፉን ከፍ አድርጎ መያዝና በየጊዜው ቀና ማለት ይበጃል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልናገር። በእነዚህ ቀለበቶች መካከል ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። ለትንፋሽ ዋና የሆነውን ድያፍራም የሚያዘው ነርቭ ከአንገት 3ኛ፥ 4ኛና 5ኛ ነርቮች ይወጣል። ስለዚህ ሕብለ ሰረሰር ከዚያ በላይ ቢቈረጥ ሰውየው በራሱ መተንፈስ አይችልም፤ ከዚያ በታች ቢጎዳ ደግሞ እጅና እግሩ ሊሰንፍ ይችላል።

ከዛፍ ወይም ከበቅሎ የወደቀ፥ መኪና የገጨው ወይም በኳስ ሜዳ በራሱ የተተከለ ሰው ባየን ጊዜ ግን ልማዳችን ምንድን ነው? ርኅራኄ አጣድፎን እጁን ስበን እናስነሣዋለን፤ ውኃ ልናጠጣው ቀና እናደርገዋለን። አጥንቱ ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ገና ሳይነካ የቆየውን ሰው ይህ ደግነታችን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚገባውስ ትንፋሹን መመልከት፥ ራሱን በሁለት እጅ ሳያጣምሙ ደግፎ መያዝ፥ እንዳይንቀሳቀስ መንገርና የሕክምና ሰው መጥራት ነው። እሳትን የመሰለ አደጋ ካልደረሰ በቀር ከቦታው አይነሣ፤ የግድ ቢሆን እንኳ ብዙ ሰዎች ሆነው ራሱንና ገላውን በአንድ መሥመር አድርገው ያንሡት። የተጎዳ አንገት በማሸትና በመሳብ የሚቃና አይደለምና ለወጌሻ አይሰጥ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን በየቤታችሁና በየመንደራችሁ እንድትነግሩ አደራ እላችኋለሁ። የአጥንትን ስም ለፈተና ብቻ ማጥናት ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የወደቀን ወገን ለማዳን ሲውል ግን ትምህርታችን ፍሬ አፈራ ይባላል።