ጧሪ ቀባሪ በሕግ ዓይን

“ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ” የማይባልበት የምርቃት ሥነ ሥርዓት የለም። ይህ ምርቃት የሚመኘው ነገር ግማሹ፣ ማለትም መጦሩ፣ በሕግ የተጻፈ ግዴታ መሆኑን ልብ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ አንዳቸው ለሌላቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ያላቸው ክልሎችም ይህንን ግዴታ ያውቁታል። ቀለብ ሲባል እንጀራና ወጥ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም በውስጡ አሉ። ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መኖር የማይችል መሆን አለበት። መጠኑ የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ተመዝኖ ስለሚወሰን በቀን ሥራ የሚያድር ልጅና ባለሱቅ ልጅ እኩል አይጠየቁም። ኑሮ ሲለወጥም መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ልጅ የሌላቸው ሰዎች ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም፤ ግዴታው የትዳር ጓደኛን፣ የልጅ ልጅን፣ ወንድምና እህትን ጭምር ይነካል።

አረጋውያንን ክፉኛ የሚጎዳው ዝምታ ነው። “የወለድኩትን ልክሰስ?” ብለው ወራት ያሳልፋሉ። የተወሰነ ቀለብ ሲቋረጥ ግን ውዝፉ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ ሊቀር ይችላል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ደግሞ በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በሚፈቅደው በድሃ ደንብ መክሰስ ይችላል።

ስለ ጡረታ ብዙው ሰው የሚያውቀው መውጫ ዕድሜው 60 ዓመት መሆኑን ነው። የማይታወቀው የወላጆች ድርሻ ነው። ልጃቸው ደመወዝተኛ ሆኖ ሲጦራቸው የነበሩ እናትና አባት ልጁ ቢሞትባቸው የተተኪ አበል ሊጠይቁ ይችላሉ። ከሐዘን ድንኳን መልስ ይህን የሚያስታውሳቸው የዕድር ሰው ቢኖር ትልቅ ውለታ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ቤት ነው። ውልና ማስረጃ በር ላይ የሚታይ ነገር አለ፦ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት፣ በፌስታል የተጠቀለለ የቤት ካርታ፣ አጠገባቸው ወረፋውን የሚጠብቅ ልጅ። እናት የሚያስቡት “ከሞትኩ በኋላ ይወስደዋል” ብለው ነው። የሚፈርሙት ወረቀት የስጦታ ውል ከሆነ ግን ቤቱ በሕይወት እያሉ ከእጃቸው ይወጣል። ኑዛዜ ቢሆን ኖሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊሽሩት ይችሉ ነበር። የሁለቱ ወረቀቶች ልዩነት የአንድ ሰው የእርጅና ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ላለው ሁኔታ መከላከያ አበጅቷል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ካልተደረገ አይጸናም። ይህም ማለት ጽሑፉ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና ወዲያው መፈረም አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሰጪው በኋላ ቢቸገር ስጦታውን የተቀበለው ሰው ሊቀልበው ይገባል። ተቀባዩ በውሉ የገባውን ግዴታ ካልፈጸመ ወይም በሰጪው ላይ ከባድ በደል ካደረሰም ስጦታው እንዲሻር መክሰስ ይቻላል።

ክስ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ዓመታት ደግሞ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የሌላቸው ነገር ነው። ስለዚህ ቤታቸውን መስጠት የቆረጡ ወላጆች “እስክሞት ድረስ በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ መብት የእኔ ነው” የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ያስገቡ። ሕጉ ይህን አላባ ይለዋል። ሰነዱም ከመፈረሙ በፊት ከቤቱ ጥቅም በሌለው ሰው፣ ቀስ ተብሎ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ይነበብላቸው።