አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም

ዊንዶውስና ኡቡንቱን ባንድ ኮምፒውተር ላይ የሚጭን ተማሪ ብዙ ነው። ፋይል የሚጠፋው ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ፓርቲሽን ምን እንደሆነ ሳይረዱ «ኔክስት፣ ኔክስት» ሲሉ ነው።

ፓርቲሽን ዲስክ ላይ የተሰመረ ወሰን ነው። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ማሳውን በወሰን ድንጋይ ይለያል፤ ዲስክ ላይ ግን ድንጋይ የለም፣ ያለው መዝገብ ብቻ ነው። በድሮው የኤምቢአር አሠራር መዝገቡ ያለው በመጀመሪያው ባለ 512 ባይት ሴክተር ውስጥ ነው። የተሰጠው ቦታ 64 ባይት ሲሆን እያንዳንዱ ፓርቲሽን 16 ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ4 በላይ ዋና ፓርቲሽን አይመዘገብም። ተጨማሪ ከፈለግን አንዱን ኤክስቴንድድ አድርገን በውስጡ ሎጂካል እንከፍታለን። ሊኑክስ የመጀመሪያውን ሎጂካል ቁጥር 5 የሚለው ለዚህ ነው። አዲሱ ጂፒቲ ግን በተለመደው አሠራር 128 ይይዛል።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ይሄን ነው፦ ዊንዶውስ የሊኑክስን ኢኤክስቲ4 በራሱ ማንበብ ስለማይችል፣ የድራይቭ ፊደል ከተሰጠው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ቦታው ባዶ ሆኖ አይደለም፣ ጽሑፉ ስላልገባው ነው። እሺ ካላችሁት የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ አለቀለት!

ሲጫን ዊንዶውስ ይቅደም። ኋላ ከመጣ የሊኑክስን ማስነሻ ከቦታው ሊገፋው ይችላል፤ ፋይሎቹ ግን አሉ፣ ማስነሻውን መመለስ ይቻላል። የዊንዶውስን ፓርቲሽን ለማሳነስ የራሱን ዲስክ ማኔጅመንት ተጠቀሙ። ከዚያ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ባትሪውንም ሙሉ፤ ወሰኑ እየተገፋ ሳለ መብራት ከሄደ የሁለቱም ፋይል ሊበላሽ ይችላል።