አንድ ቁርጭምጭሚት፣ ሦስት ከፋይ

የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ስለ ሆስፒታል ሒሳብ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩ በመሠረቱ የቃል ጉዳይ ነው፤ በአንድ ቃል ስሕተት ምክንያት የአንድ ድኻ ቤተሰብ በሬውን ሊሸጥ ይችላል።

ቁርጭምጭሚታችንን በውጭ በኩል ሦስት ጅማቶች ይዘውታል። እግር ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው የፊተኛው ነው። ጅማቱ ከተለጠጠ ወለምታ እንለዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍትና በፋሻ ይድናል። ፈጽሞ ተበጥሶ እግሩ ዘወትር የሚከዳ ከሆነ ግን ሐኪሙ ቀዶ ሊጠግነው ይችላል። ስዊድናዊው ሐኪም ብሮስትረም በ1966 እ.ኤ.አ. የገለጸው የጥገና ዘዴ ከነማሻሻያው ዛሬም ይሠራበታል።

ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ የጸሐፊው ሥራ ይጀምራል። ይኸውም ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው።

አንደኛ፦ ምን ተጎዳ? በዓለም የጤና ድርጅት ዐሥረኛው የበሽታዎች ምደባ ወለምታ ኤስ 93.4፣ የጅማት መበጠስ ኤስ 93.2 ነው።

ሁለተኛ፦ ምን ተደረገ? በአሜሪካ ለአዲስ የተበጠሰ የጎን ጅማት ጥገና 27695፣ ለቆየው 27698 የሚል ቁጥር ተሰጥቷል። ቁጥር በሌለበት ደረሰኝም ቢሆን የሥራው ስም ተለይቶ መጻፍ አለበት። በአንዱ ወረቀት «ወለምታ»፣ በሌላው «ቀዶ ጥገና» ተብሎ ከተጻፈ ከፋዩ፣ «ወለምታ ከመቼ ወዲህ ነው በቢላዋ የሚታከመው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፦ እንዴት ተጎዳ? ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ከፋዩን የሚለየው ግን እርሱ ነው። አንድ የገፈርሳ ወጣት እናስብ። በክረምት ጭቃ ተንሸራትቶ ከሆነና ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን በጊዜው ከከፈለ፣ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው። በአምቦ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት ከሆነ የተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል። በቡራዩ ፋብሪካ በሥራ ላይ ሳለ ወድቆ ከሆነ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ያው አንድ ነው፤ ዕዳው ግን ሦስት ልዩ ልዩ በር ያንኳኳል። ካርዱ ላይ «እግሩን ታመመ» ብቻ ከተጻፈ ሦስቱም በሮች ሊዘጉ ይችላሉ፤ የሚከፍለውም በሽተኛው ራሱ ይሆናል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከየቤታችን ማንበብ የምንችለው ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ዘመድ አስታመን ከሆስፒታል ስንወጣ ወረቀቱን አጥፈን ወደ ኪሳችን ከመክተታችን በፊት እናንብበው፦ ቀኝ ነው ግራ? ተለጠጠ ወይስ ተበጠሰ? በምን ምክንያት? የጎደለ ካለ እዚያው በትሕትና እናስጽፍ። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያሻም፤ ፊደል መቍጠር ይበቃል።