ወደ ባዕድ አገር ለትምህርት ስለ መሄድ

ምድርን ለሰው ልጅ መመላለሻ፣ ልብንም ለዕውቀት ማደሪያ ላደረገ ለአላህ ምስጋና ይገባዋል። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ልጁን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ሊልክ የተነሣ አባት በልቡ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሟገቱበታል። አንደኛው ተስፋ ነው፤ ልጄ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ወይም ዓሊም ሆኖ ይመለስልኛል ይላል። ሁለተኛው ሥጋት ነው፤ ልጄ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለስብኝ ይሆን፣ ወይስ ጨርሶ አይመለስ ይሆን ይላል። እናትም ስንቁን ስታሰናዳ ይህንኑ ታስባለች። ይህ ሥጋት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መካሪው ሥጋት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ልጁ ከደጅ ሳይወጣ ይቀራል፤ መካሪው ተስፋ ብቻ የሆነ እንደ ሆነም ልጁ ያለ ስንቅ መንገድ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱን በሚዛን ማድረግ ያስፈልጋል።

ዕውቀትን ፍለጋ መጓዝ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ፣ ዕውቀትን ለመሻት መንገድ ለገባ ሰው አላህ የጀነትን መንገድ እንደሚያገራለት አስተምረዋል። ሰሓባው ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ አንዲት ሐዲስ ከዐብዱላህ ኢብን ኡነይስ አንደበት ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ተጕዘዋል። ከሐበሻ ምድርም ደረሶች ባሕር ተሻግረው እስከ ካይሮ ይደርሱ ነበር፤ በአል-አዝሀር ውስጥ ሪዋቅ አል-ጀበርቲያ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሓፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1753 እስከ 1825) የዘር ሐረጋቸው ከእነዚህ መንገደኞች የሚመዘዝ ነው፤ አባታቸው ሸይኽ ሐሰንም የዚያው ሪዋቅ አለቃ ነበሩ። እንግዲህ ዛሬ ልጁን የሚልክ ነጋዴ የቀደምቶቹን ፈለግ ይከተላል እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም።

ምናልባት አንድ ሰው፣ «እነዚያ የሄዱት ሙስሊም ወደ ሞላበት ከተማ ነው፤ ሃይማኖቱም ልማዱም ወደ ተለየበት አገር የሚሄድስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ የሸይኽ ሪፋዓ አጥ-ጠህጣዊን ታሪክ እንመልከት፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሸይኽ ሪፋዓ በ1801 በላይኛው ግብፅ ጠህጣ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1817 ወደ አል-አዝሀር ገብተው ከብዙ ዑለማ ዘንድ ቀሩ። ከመምህሮቻቸው አንዱ የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ወዳጅ የነበሩት ሸይኽ ሐሰን አል-ዐጣር ናቸው። በ1826 የግብፅ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ከአርባ የሚበልጡ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ፓሪስ ሲልክ፣ ሸይኽ ሐሰን ይህን ደረሳቸውን የተማሪዎቹ ኢማም ይሆን ዘንድ አቀረቡት። ያየውንና የሰማውንም ሁሉ እንዲጽፍ አደራ አሉት።

ልብ በሉ፤ የሸይኽ ሪፋዓ ሥራ ማሰገድና መምከር ነበር፤ ፈረንሳይኛ እንዲማሩ ማንም አላስገደዳቸውም። እርሳቸው ግን መርከቡ ላይ ሳሉ ቋንቋውን መማር ጀመሩ፤ ፓሪስ ከደረሱ በኋላም ከደመወዛቸው ከፍለው መምህር ቀጠሩ። አምስት ዓመት ያህል በዚያ ሲቀመጡ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሕግና ሒሳብ አጠኑ። የሰላት አለቃ ሆነው ሄደው የትርጕም ሊቅ ሆነው ተመለሱ፤ የቀደመውን ሳይጥሉ የኋለኛውን ጨመሩ።

በማርሴይ ወደብ በወረዱ ጊዜ የሆነውን ራሳቸው ጽፈውታል። ወደ አንድ ቡና ቤት ቢገቡ ሰው የሚተራመስበት ሰፊ መንገድ መሰላቸው። ወዲያው ግን የራሳቸውንና የጓደኞቻቸውን መልክ በግድግዳው አዩ፤ ነገሩ ትልልቅ መስታወት ነበር። በዚህ ለአስተዋይ ትምህርት አለበት። በባዕድ አገር ሰው መጀመሪያ የሚገናኘው ከራሱ መልክ ጋር ነው። ከቤቱ ይዞት የወጣው ጠባይ፣ ዘመድ በማያየው ስፍራ ተገልጦ ይታያል።

ሸይኽ ሪፋዓ ያዩትን ሁሉ አላመሰገኑም፤ ሁሉንም አልነቀፉም። ንጽሕናቸውን፣ ለሥራ ያላቸውን ትጋት፣ ተራው ባለ እጅ እንኳ ማንበብና መጻፍ መቻሉን አመሰገኑ። ለእንግዳ በመስጠት ረገድ ግን የዐረብ ቸርነት እንደሚበልጥ፣ በአእምሮ ብቻ ተማምኖ ወሕይን መተውም ስሕተት እንደ ሆነ በግልጽ ጻፉ። ይህ የነጋዴ ሚዛን ነው። ብልህ ነጋዴ ዕቃውን ገልብጦ ያያል፤ ጥሩውን ይገዛል፣ ብልዙን ይተዋል፤ በአንድ ብልዝ ምክንያት ገበያውን በሙሉ አይረግምም፣ ገበያው ስለ ደመቀም ብልዙን አይሸከምም።

ከዚህ ታሪክ ለሚሄድም ለሚልክም የሚጠቅሙ አምስት ነገሮችን እናወጣለን።

አንደኛ፤ ዋናን መያዝ ነው። ሸይኽ ሪፋዓ ከመሄዳቸው በፊት በአል-አዝሀር ዓመታት ቀርተዋል። ሚዛን ሳይዝ ገበያ የወጣ ሰው ሌላው በመዘነለት ያድራል። ስለዚህ አባት ለልጁ የመንገድ ገንዘብ ከማዘጋጀቱ በፊት ሃይማኖቱን በምክንያት እንዲያውቅ ያድርግ። የሚሰግደውን ሰላት ትርጕም የማያውቅ ልጅ፣ «ለምን ትሰግዳለህ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ውሎ አድሮ ወደ መተው ያደርሰዋል።

ሁለተኛ፤ ሕጉን ማወቅ ነው። ብዙ ወጣቶች «መንገደኛ ነኝ» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሰላት ያሳጥራሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ ከገባበትና ከሚወጣበት ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቀመጥ ያሰበ፣ በሐነፊ መዝሀብም ዐሥራ አምስት ቀን ለመቀመጥ ያሰበ ሰው ሰላቱን ሙሉ አድርጎ ይሰግዳል። ተማሪ ለዓመታት የሚቀመጥ ነውና እንደ አገሬው ነዋሪ ይቈጠራል፤ ረመዳንንም ይጾማል።

ሦስተኛ፤ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ነው። በሱረቱል ከህፍ ነቢዩ ሙሳ ዕውቀት ፍለጋ ተጕዘው ያንን ደግ ባሪያ በተከተሉ ጊዜ፣ መርከብ ሲቀደድ አይተው መታገሥ አልቻሉም፤ መቀደዱ ግን መርከቡን ከቀማኛ ንጉሥ የሚያድን ነበር። ሐራም የሆነውን ሐላል ማለት አይገባም። ነገር ግን እንግዳ የሆነብን ሁሉ ሐራም አይደለም። በማንኪያና በሹካ መብላት፣ ቀጠሮን በደቂቃ መጠበቅ፣ በሰልፍ ቆሞ ተራን መጠበቅ ልማድ ነው እንጂ የሃይማኖት ለውጥ አይደለም።

አራተኛ፤ የአስተናጋጅን ቃል ኪዳን መጠበቅ ነው። በፈቃድ ወደ አንድ አገር የገባ ሰው የዚያን አገር ሰዎች እንዳይከዳ፣ ገንዘባቸውንም እንዳያጭበረብር ፉቀሃ አስተምረዋል። በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች ለዚህ ምስክር ናቸው። በነጃሺ ጥላ ሥር በክርስቲያኖች መካከል ኖሩ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በንጉሡ ፊት እምነታቸውን ሳይሸሽጉና ሳይሳደቡ ተናገሩ። ከእነርሱም ጃዕፈርና ሌሎች እስከ 628 ድረስ በዚያ ቆይተዋል። እምነትን መግለጽና ሰውን ማክበር በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

አምስተኛ፤ ይዞ መመለስ ነው። ሸይኽ ሪፋዓ በ1831 ተመለሱ። የጕዞ መጽሐፋቸው በ1834 ታተመ፤ በ1835 የተመሠረተውን የቋንቋዎች ትምህርት ቤት መሩ፤ ከደረሶቻቸውም ጋር ብዙ መጻሕፍትን ወደ ዐረብኛ አስተረጐሙ። ዘመን ተለውጦ ወደ ኻርጡም በተላኩ ጊዜም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በ1873 እስኪሞቱ ድረስ ያገኙትን ሲያካፍሉ ኖሩ። ዕውቀቱን ወደ ወገኖቹ ቋንቋ ያልመለሰ ተማሪ፣ ሩቅ ነግዶ ትርፉን በመንገድ እንደ ጣለ ሰው ነው።

ወላጆች ሆይ! የእናንተም ድርሻ አለ። የገባችሁትን ገንዘብ በጊዜው ላኩ፤ ችግር ልጁን ለክፉ ጓደኛ አሳልፎ ይሰጠዋልና። በስልክ ስታገኙት ስለ ፈተና ውጤት ብቻ አትጠይቁት፤ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ብቸኝነት ከብዶት እንደ ሆነ፣ ጁሙዓን የት እንደሚሰግድ ጠይቁት። ጠፋ ብላችሁ አትጩኹበት፤ የተቈጣችሁት ልጅ ችግሩን ይደብቃችኋልና። በተመለሰም ጊዜ አነጋገሩ ወይም አለባበሱ ስለ ተለወጠ ብቻ «ባዕድ ሆነብን» አትበሉ፤ ሰላቱን፣ እውነተኛነቱንና ለእናቱ ያለውን አክብሮት መርምሩ። እነዚህ ካሉ ልጃችሁ ተመልሶላችኋል።

ልጆች ሆይ! እናንተም ስትመለሱ አባታችሁ ሹካ መያዝ አላወቀም ብላችሁ አትናቁት፤ መንገዳችሁ የተከፈተው በሱቁ ደጃፍ ቆሞ ባፈሰሰው ላብ ነውና።

አላህ ሆይ! የሚሄዱትን ጠብቃቸው፣ የሚጠብቁትን አጽናናቸው፤ ዕውቀታቸውን ለባለቤቱም ለሰውም የሚጠቅም አድርገው፤ በሰላም ወደ ቤታቸው መልሳቸው። አሚን።